«ገብቼ ምን ልበል?» የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ መጀመሪያው የሥነ ልቦና ሕክምና ቀጠሮ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የተጻፉት በር ላይ ቆመው ነው። ጸሐፊዎቹ ቀጠሮ ይዘዋል ወይም ሊይዙ አስበዋል፤ ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ግን አያውቁም። ጥርስ የሚያስነቅል ሰው ምን እንደሚጠብቀው ከጎረቤት ሰምቶ ይሄዳል። ሳይኮሎጂስት ጋ የሄደ ሰው ግን መሄዱን እንኳ አይናገርምና የሚሰማ ነገር የለም። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ ጸሐፊዎቹን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥተናል።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ኮልፌ ነው። ከአራት ወር ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ሥራ ቦታ ሳላስበው እንባዬ ይመጣል። ጨጓራ መስሎኝ ጤና ጣቢያ ብሄድ ሐኪሟ አነጋግራኝ ‹የአእምሮ ጤና ክፍል› የሚል ወረቀት ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከያዝኩ ሁለት ሳምንት አለፈ። አማኑኤል ሊልኩኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እዚያ ሲገባ ምን ይደረጋል? ምንስ ይጠይቁኛል?»

እህታችን፣ መጀመሪያ ወረቀቱን አውጪና ወደ የት እንደተጻፈ አንብቢ። እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚልከው እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ወዳለ የሳይካትሪ ነርስ ወይም እንደ ጳውሎስና ኤካ ኮተቤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳላቸው ሆስፒታሎች ነው። አማኑኤል ቢሆንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። «አማኑኤል የሚያስገባ» የሚለው ስድብ ስሙን አበላሸው እንጂ ወደዚያ ከሚሄደው ሰው አብዛኛው በተመላላሽ ታይቶ፣ መድኃኒቱን ወይም ቀጠሮውን ይዞ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው። የጤና መድን ካርድ ካለሽ ወረቀቷን አትጣያት። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል።

ማን እንደሚያይሽ ማወቅም ግራ ከመጋባት ያድናል። ሳይካትሪስት በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል፣ የደም ምርመራም ይልካል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ ሥራው ምርመራና የንግግር ሕክምና ነው። በጤና ጣቢያና በወረዳ ሆስፒታል ብዙውን ሸክም የተሸከሙት ግን የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው፤ እነሱም ይመረምራሉ፣ ያክማሉ። «ነርስ ብቻ ናት ያየችኝ» ብለሽ ቅር አይበልሽ። ወደ ግል ካውንስሊንግ ማዕከል የምትሄጂ ከሆነ ትምህርትና የሙያ ፈቃድ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ አማካሪ ነኝ የሚልም ሰው አለና።

የመጀመሪያው ቀን ከሁሉም ቀናት ይለያል፤ ይህን ሳያውቅ ሄዶ ተከፍቶ የሚመለስ ብዙ ነው። ያ ቀን በአብዛኛው የጥያቄ ቀን ነው። በግል ማዕከል ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በመንግሥት ተቋም ተራው ረጅም፣ ውይይቱ አጭር ነው፤ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃም አይሞላም። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አመጣሽ?» ነው። ከዚያ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ያኔ በሕይወትሽ ምን ተፈጥሮ እንደነበር፣ ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትሽ፣ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ወር አበባሽ፣ ከቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም ስላለበት ሰው፣ ስለ አልኮልና ጫት፣ ስለምትወስጂው መድኃኒት ትጠየቂያለሽ። የታይሮይድ መዛባትና የደም ማነስ ድብርት የሚመስል ስሜት ስለሚያመጡ ደም እንድትሰጪ ብትታዘዢ አላመኑኝም አትበዪ፤ ደንቡ ነው።

ሁለት ጥያቄዎች ሰው ያስደነግጣሉ። አንደኛው «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰሚያለሽ?» የሚለው ነው። ይህ ለመጣው ሁሉ የሚቀርብ ነው፤ አብደሻል ማለት አይደለም። ሁለተኛው «ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» የሚለው ነው። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይዘራም፤ ላሰበበት ሰው እንዲያውም እፎይታ ነው። ብታስቢም ባታስቢም ይጠየቃል። ካሰብሽ ግን እባክሽ እውነቱን ተናገሪ። ብዙ ሰው «ከተናገርኩ ያስሩኛል» ብሎ ይደብቃል። የሚከተለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ በምን መንገድ፣ መቼ፣ የሚያግድሽስ ምንድን ነው? አልጋ የሚያስይዘው ሐሳቡ ብቻ ሳይሆን አጣዳፊ አደጋ መኖሩ ነው።

ምናልባት 9 ጥያቄ ያለበት መጠይቅ ይሰጥሽ ይሆናል። የሚጠይቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 (በፍጹም) እስከ 3 (በየቀኑ ማለት ይቻላል) ይሞላል፣ ድምሩ ከ27 አይበልጥም። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠለቅ ያለ ምርመራ ይደረጋል። ቁጥሩ ብቻውን የበሽታ ስም አይሆንም፤ ዋናው ጥቅሙ ማወዳደሪያ መሆኑ ነው። ዛሬ 17 ያገኘሽ ሰው ከስምንት ሳምንት በኋላ 8 ብታገኚ ሕክምናው እየሠራ ነው፤ 17 ላይ ከቀረሽ ደግሞ አካሄዱ መለወጥ አለበት።

እዚህ ላይ የኛ አገር ልማድ ትልቅ እንቅፋት ይሆናል። «እንዴት ነሽ?» ሲባል አፋችን ሳናስበው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ከጎረቤት ጋር ሲሆን ጨዋነት ነው። በምርመራ ክፍል ግን ሐኪሙ ያንን ካርድ ላይ ይጽፈዋል፤ ሲያነብም ደህና ነች ይላል። ስለዚህ ምስጋናሽን ለፈጣሪሽ አቅርቢና ቀጥለሽ «ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነቃለሁ፣ እስኪነጋ አልተኛም» በዪ። በቁጥር መናገር ይረዳል፤ በሳምንት ስንት ሌሊት፣ ስንት ሰዓት፣ በወሩ ስንት ቀን ከሥራ ቀረሽ። የሰውነት ስሜትሽንም አታሳንሺ። ደረት መጨምደድ፣ ራስ ላይ እንደ ጉንዳን መውረር፣ የጨጓራ ማቃጠል የዚሁ ሕመም ቋንቋ ሊሆኑ ስለሚችሉ ለባለሙያው ፍሬ ያላቸው መረጃዎች ናቸው።

ከመሄድሽ በፊት በነበረው ምሽት አንድ ወረቀት ላይ አምስት ስድስት መስመር ጻፊ። ምን እንደሚሰማሽ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ሲሆን እንደሚብስ፣ እስካሁን ምን እንደሞከርሽ (ጸበልም፣ የባህል መድኃኒትም፣ የፋርማሲ የእንቅልፍ ክኒንም)፣ እና ምን ቢለወጥ እንደምትወጂ። ስትገቢ ሁሉ ነገር ከራስሽ ቢጠፋ ወረቀቱን አንብቢው፤ ማንም አይስቅብሽም። የምትወስጂውን ክኒን ከነካርቶኑ ያዢ። ሰው ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ፣ ግን ቢያንስ ግማሹን ሰዓት ብቻሽን ተነጋገሪ። እናትሽ አጠገብሽ ተቀምጠው የማትናገሪው ነገር ሊኖር ይችላል።

ስለ ምስጢር ደግሞ ገና ስትቀመጪ ጠይቂ፦ «የምናገረው ለማን ይደርሳል?» ጥሩ ባለሙያ ድንበሩን በግልጽ ይነግርሻል። የራስሽ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን፣ ሕፃን ሲጎዳ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፤ ከዚህ ውጪ ለባልሽም ለአለቃሽም አይነገርም። ለሥራ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ካስፈለገሽ የሕመሙ ስም እንዳይጻፍበት መጠየቅ ትችያለሽ።

በመጨረሻ፣ ከዚያ ክፍል ስትወጪ ቀለል ላይልሽ ይችላል። ብዙ ሰው ይደክመዋል፣ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ለአንድ ሁለት ቀን ይብስበታል። ለወራት ታፍኖ የቆየ ነገር ሲነካ እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው። ስለዚህ ቀጠሮሽን ስብሰባ ካለብሽ ሰዓት ጋር አታያይዢው፤ ከወጣሽ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለራስሽ አስቀሪ።

«34 ዓመቴ ነው፣ ሐዋሳ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባጃጅ ውስጥ ስሆን ልቤ በኃይል ይመታል፣ አየር ያጥረኛል፣ የምሞት ይመስለኛል። ኢሲጂ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ፣ ልብህ ጤነኛ ነው አሉኝ። ሳይኮሎጂስት ጋ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሰውዬው ያዳምጠኛል፣ ይጠይቀኛል፣ ምንም አይመክረኝም። ገንዘቤን እየጣልኩ ነው ወይስ ልታገሥ?»

ወንድማችን፣ የገለጽከው ነገር ፓኒክ አታክ (ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት) ይመስላል፤ ለዚህ ደግሞ በደንብ የተፈተነ የንግግር ሕክምና አለ። ስለዚህ «ልታገሥ ወይስ ልተው» ከማለትህ በፊት የምታየው ሰው ያንን ሕክምና እየሰጠህ መሆኑን እወቅ።

መጀመሪያ ምክርን በተመለከተ፦ እኛ ችግር ሲገጥመን የለመድነው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሰምቶ ይፈርዳል፣ ያስታርቃል፣ ይህን አድርግ ይላል። ሳይኮሎጂስት ግን ሚስትህን ፍታ ወይም ሥራህን ልቀቅ ቢልህ ሙያውን ስቷል። ያ ማለት ግን ዝም ብሎ ያዳምጣል ማለት አይደለም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ሦስት ነገር ሊነግርህ ይገባል፤ ችግርህን እንዴት እንደተረዳው፣ በምን ዘዴ እንደምትሠሩ፣ እና ስንት ጊዜ ያህል እንደሚፈጅ። የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና፣ በተለምዶ ሲቢቲ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ሆኖ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይሄዳል። ለፓኒክ ከዚያ ባነሰም ውጤት ሊያሳይ ይችላል። በሁለት ቀጠሮ ለውጥ አለመታየቱ ግን የሚያስገርም አይደለም።

ሥራው ምን ይመስላል? ልብህ ትንሽ ፈጠን ሲል (በሙቀት፣ በደረጃ መውጣት፣ በቡና) አእምሮህ «ሞቴ ነው» ይላል። ያ ሐሳብ አድሬናሊን ያስረጫል፣ ልብ የባሰ ይመታል፣ አተነፋፈስ ይፈጥናል፤ የፈጠነው አተነፋፈስ ደግሞ ጣት ያደነዝዛል፣ ራስ ያዞራል፤ አንተም «ይኸው!» ትላለህ። ክቡ እንዲህ ይዞራል። አብዛኛውን ጊዜ ጥቃቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ በራሱ ይወርዳል፤ አንተ ግን ከባጃጁ ዘለህ ስለምትወርድ መውረድህ ያዳነህ ይመስልሃል። ሕክምናው ይህን ክብ መስበር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መዝገብ ትይዛለህ፤ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ተሰማህ፣ ምን አሰብክ፣ ከ0 እስከ 10 ስንት ፈራህ። ከዚያ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆን ብለህ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለህ ወይም ባለህበት ትሮጣለህ። ያ የምትፈራው ስሜት ይመጣል፣ አትሞትም፣ ይወርዳል። ቀጥሎ ባጃጁ ይመጣል፤ መጀመሪያ አንድ ፌርማታ ያህል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሙሉውን መንገድ፣ ሳትወርድ።

የሚያበላሸው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ትንንሽ መሸሸጊያዎች ናቸው። ሁልጊዜ በር አጠገብ መቀመጥ፣ ውኃ ሳይዙ አለመውጣት፣ ሚስትን በስልክ ይዞ መሄድ፣ በየደቂቃው የልብ ምት መቁጠር። እነዚህ ካሉ አእምሮህ «የዳንኩት በውኃው ነው» ብሎ ይመዘግባልና ፍርሃቱ አይለቅም። አራተኛ ኢሲጂ መነሣትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ሌላው ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ የምትቀመጥ ከሆነ ወይም ጫት የምትቅም ከሆነ ንገረው፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ። ሦስተኛው የቤት ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የቀረውን 167 ሰዓት እንደ ድሮው የሚኖር ሰው አይለወጥም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲህ ብለህ ጠይቀው፦ «ይህን ሕመም በምን ዘዴ ነው የምናክመው? በሳምንቱ ውስጥ ምን ልሥራ? ለውጥ መኖሩን በምን እናውቃለን?» መልስ ካገኘህ እስከ አምስተኛውና ስድስተኛው ድረስ ቀጥል። ካላገኘህ ሌላ ባለሙያ ፈልግ። ይሉኝታ የሚይዝህ ከሆነ «ከእርስዎ ጋር መግባባት አልቻልኩም፣ ለዚህ የሚሆን ሌላ ሰው ይጠቁሙኛል?» ማለት በቂ ነው። እውነተኛ ባለሙያ አይቀየምም። ሳትናገር ከምትጠፋ ይህን ብትል ለአንተም ለእሱም ይሻላል። ወዲያው ተነሥተህ የምትወጣባቸው ነገሮችም አሉ፦ ሰውነትህን የሚነካ ወይም የፍቅር ነገር የሚያነሣ፣ ብድር ወይም ንግድ የሚያቀርብ፣ የሌላ ታካሚ ታሪክ ከነስሙ የሚያወራህ፣ ሃይማኖትህን እንድትቀይር የሚጎተጉት። የሌላውን ያወራልህ ሰው የአንተንም ለሌላ ያወራል።

«የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ክሊኒኩ ቴራፒ ጀምሪ አለኝ፣ እንግሊዝኛዬ ግን ለዚህ አይበቃም። አስተርጓሚ እናመጣለን አሉ። እዚህ ሐበሻ ሁሉ ይተዋወቃል፤ ቤተ ክርስቲያን የማገኛት ሴት ብትሆንስ? የጥገኝነት ጉዳዬም ገና አላለቀም። የምናገረው ኢሚግሬሽን ይደርስ ይሆን?»

ስጋትሽ ተገቢ ነው፤ መፍትሔም አለው። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ፣ ሜዲኬይድ (መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የጤና መድን) የሚቀበለውን ጨምሮ፣ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የራስሽን ሰው ይዘሽ እንድትመጪ ሊያስገድድሽ አይችልም። ልጅሽንም አስተርጓሚ አታድርጊ፤ ክሊኒኩም ከአጣዳፊ ጊዜ በቀር ሕፃን እንዲያስተረጉም ማድረግ የለበትም። ልጅ የእናቱን ሕመም ተሸክሞ ማደር የለበትም።

ቀጠሮ ስትይዢ ይህን ጠይቂ፦ «በአካል ሳይሆን በስልክ የሚያስተረጉም ይሁንልኝ፤ ከተቻለ ከሌላ ስቴት፤ ሴት ወይም ወንድ ይሁንልኝ።» የስልክ አስተርጓሚ ሚኒሶታ ወይም ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት በመለያ ቁጥር ነው። ቴራፒስቷ ሙሉ ስምሽን በአስተርጓሚው ፊት እንዳትጠራ ቀድመሽ ንገሪያት። ድምፁን ካወቅሽው «ሌላ ይቀየርልኝ» በዪ፣ ምክንያት መስጠት አይጠበቅብሽም።

በአስተርጓሚ የሚሄድ ንግግር ሰዓቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የ50 ደቂቃ ቀጠሮ ወደ 25 ይወርዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀጠሮ ረዘም እንዲል ጠይቂ። ስትናገሪ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር በዪና አቁሚ፤ አስተርጓሚውን ሳይሆን ቴራፒስቷን እያየሽ ተናገሪ። አስተርጓሚው ረጅም ንግግርሽን በሦስት ቃል ከቋጨው «ያልኩት ሁሉ አልተነገረም» በዪ።

የቃል ወጥመዶች አሉ። «ምነው በሞትኩ» እኛ ዘንድ የምሬት ንግግር ነው፤ በቀጥታ ሲተረጎም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ይመስላል፣ ቴራፒስቷም ወዲያው የደህንነት ጥያቄዎች ትጀምራለች። አትደንግጪ፤ ምሬት ከሆነ ምሬት ነው በዪ፣ እውነት ከሆነም እውነት ነው በዪ። «ሆዴን ባር ባር አለው»፣ «ሆዴ ባባ» የሚሉት ደግሞ ስለ ሆድ ሕመም ሊመስሉ ይችላሉ። «መንፈስ አለብኝ ይሉኛል» ስትይም ድምፅ ትሰሚያለሽ ወይ ብትባዪ ቤተሰቦችሽ ምን ማለታቸው እንደሆነ አስረጂ። ጭንቀትና ድብርትም በአማርኛ ስንናገራቸው ይቀላቀላሉ፤ «ወደፊት የሚመጣውን እፈራለሁ» እና «ምንም ነገር ደስ አይለኝም» ብለሽ ለይተሽ ብትናገሪ ይቀላል።

ኢሚግሬሽንን በተመለከተ፦ የሕክምና መረጃ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ቴራፒስት የታካሚዋን ጉዳይ ለኢሚግሬሽን የማሳወቅ ሥራ የላትም። ግን ሁለት ነገሮችን አትቀላቅዪ። ጠበቃሽ ለጥገኝነት ጉዳይሽ «የሥነ ልቦና ግምገማ» ካዘዘ፣ ያ ሕክምና አይደለም፤ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተነጋግራችሁ ለጉዳይሽ የሚቀርብ ጽሑፍ ይወጣዋል። የሕክምናው ክፍል ግን ለአንቺ ነው። የትኛው ውስጥ እንደተቀመጥሽ ገና ሲጀመር ጠይቂ። ሌሊት ነገር ከከበደሽ ደግሞ 988 መደወል ይቻላል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ለተጨነቀና ራሱን ለማጥፋት ላሰበ ሰው የተዘጋጀ ነጻ መስመር ነው። «አማርኛ» ብለሽ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ።

«እናት ነኝ፣ ከጎንደር። የ21 ዓመት ልጄ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። አይተኛም፣ ብቻውን ያወራል፣ ምግብ መርዘውብኛል ይላል። ጸበል ወስጄዋለሁ። ዘመዶቼ ካውንስሊንግ ይሻለዋል አሉኝ፤ እሱ ግን አልሄድም ይላል። ሐኪም ቤት መሄዱስ ከጸበሉ ጋር አይጋጭም?»

እናታችን፣ በርቱ። ይህ ሊዘገይ የማይገባው ነገር ነው። ልጅዎ ላይ የሚታየው ሕመም ሕክምናው በምክር ብቻ የሚጀመር አይመስልም፤ መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ማየት አለበት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ውይይትና ምክር በኋላ ይመጣል፤ እንቅልፉ ሲመለስና ፍርሃቱ ሲበርድ።

እንዲሄድ ለማድረግ አይዋሹት፤ አክስት ቤት እንሂድ ብለው ሆስፒታል ቢያወርዱት ሁለተኛ አያምንዎትም። «አብደሃል» ብሎ መከራከርም አይረዳም። እሱም የሚስማማበትን ይያዙ፦ «ልጄ፣ እንቅልፍ አጥተሃል፣ ለእንቅልፍህ እናሳይ።» እውነት ነው፣ እሱም ያውቀዋል። የሚወደው ሰው፣ አጎትም ይሁን የልብ ጓደኛ፣ አብሮ ይሂድ። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ እርስዎንም ለብቻዎ ያነጋግራል፤ መቼ እንደጀመረው፣ ጫት ወይም ሌላ ነገር ይወስድ እንደነበር፣ ከዘመድ ተመሳሳይ የታመመ መኖሩን አስበው ይሂዱ።

ጸበሉን ይተዉ አንልዎትም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲጠቀሙ በይፋ አበረታተው ነበር፤ ለዚህም ሕመም የሚከለክል ነገር የለም። የሚጎዳው መድኃኒቱን አቋርጦ መሄድና ልጁን ማሰር ነው። የንስሐ አባታችሁን «መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠመቅ» ብለው እንዲነግሩት ይለምኗቸው፤ ከእርስዎ ይልቅ የእሳቸው ቃል ሊሰማው ይችላል።

ከሁሉ በላይ ይህን ያስታውሱ። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች በተጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዳንድ ወጣት ላይ አንገት ያጣምማሉ፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቅላሉ፣ ምላስ ያሳስራሉ። ቤተሰብ «ይኸው መንፈሱ ተገለጠ» ብሎ መድኃኒቱን ጥሎ ይሮጣል። መንፈስ አይደለም፤ የታወቀ የመድኃኒት ጠባይ ነው፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ በመርፌ ወይም በክኒን ቶሎ ይለቃል። ያኔ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፣ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ይቀየርለታል። እንቅልፍ በቀናት ውስጥ ሊስተካከል ይችላል፤ ድምፁና ጥርጣሬው ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ሲሻለው «ድኗል» ብሎ በራስ ማቆም ሕመሙን መልሶ ያመጣል፤ ሐኪሙ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲቀጥል ሊያዝ ይችላል። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ከተነሣ፣ መብላትና መጠጣትም ካቆመ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ሪፈርም አያስፈልግም።

«ከቤሩት ከተመለስኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። የደረሰብኝን ለማንም አልተናገርኩም። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም መናገር ግዴታ ነው?»

አይደለም፣ እህታችን። በመጀመሪያው ቀን «ከባድ ነገር ደርሶብኛል፣ አሁን ዝርዝሩን መናገር አልችልም» ማለት ሙሉ መልስ ነው። እንዲህ ያለ ቁስል በጥንቃቄ የሚያክም ባለሙያ መጀመሪያ የሚሠራው ቅዠት ሲያባንንሽ፣ ያለፈው እንደ አሁን ሆኖ ሲመጣብሽ እንዴት ራስሽን እንደምታረጋጊ ነው። እግርሽን መሬት ላይ ማስረገጥ፣ በክፍሉ ያሉ አምስት ነገሮችን በስም መጥራት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ፊት ላይ ማድረግ። ታሪኩ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንቺ ስትወስኚ፣ በአንቺ ፍጥነት። መሐል ላይ «ይብቃኝ» የምትዪበት ምልክት ቀድማችሁ ተስማሙ፤ እጅ ማንሣት ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ዝርዝሩን እየጎተተ የሚያስለቅስሽ ሰው ካጋጠመሽ አስቁሚው። የተደፈርሽ ከሆነ፣ ዝርዝሩን ባትናገሪም ይህን አንድ ቃል ለሐኪም ብትነግሪ የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ይደረግልሻል፤ ስምንት ወር ቢያልፍም አልረፈደም። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አጋር ያሉ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶችን የሚቀበሉ ድርጅቶች አሉ።

«በስልክ ወይም በቪዲዮ ቢሆንስ?» (ከአንድ በላይ አንባቢ)

ለጭንቀትና ለድብርት በቪዲዮ የሚሰጥ ሕክምና በደንብ ሊሠራ ይችላል፤ እንደ ጎንደሯ እናት ልጅ ላለ ሕመም ግን በአካል መታየት ይቀድማል። አብዛኛው የሚበላሸው በቦታ እጦት ነው። ግድግዳው ስስ ከሆነ ኤርፎን አድርጉ፣ በሩ ላይ ሬዲዮ ክፈቱ፤ የቆመ መኪና ውስጥ ሆነው የሚነጋገሩም አሉ። ገና ሲጀመር መስመር ቢቋረጥ ማን ለማን እንደሚደውል ተስማሙ፤ ያላችሁበትን ሰፈርና ክፉ ነገር ቢመጣ የሚጠራ የአንድ ሰው ስልክ ስጡ። ዋጋውን፣ የሚፈጀውን ደቂቃና ቀርታችሁ እንደሆነ የምትከፍሉትን ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። በየሳምንቱ መክፈል ከከበዳችሁ ሳትጠፉ ተናገሩ፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ማድረግ ወይም ወደ መንግሥት ተቋም መላክ ይቻላል።